የጥንዚዛዋ ዜሮ እና የደን ቡና

ቡና የእርሻ ተክል ከመሆኑ በፊት የጫካ ዛፍ ነበር። ዛሬም በካፋ፣ በያዩና በሐረና ደኖች፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በተፈጥሮ ይበቅላል። የፊዚክስ መምህርን ይህ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ ጉዳዩ ግን የሙቀት ሒሳብ ነው።

የቡናን ፍሬ ቦርቡራ ገብታ እንቁላሏን የምትጥል፣ ርዝመቷ ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ጥቁር ጥንዚዛ አለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የጥንዚዛዋ እድገት የሚከናወነው ከ14.9 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። እንግዲህ ለእኛ ዜሮ ማለት ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ሲሆን፣ የእርሷ ዜሮ 14.9 ነው ማለት ይቻላል። አማካይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ቀን 5.1 «ዲግሪ-ቀን» ያስገኝላታል፤ ቀኑ ወደ 21 ከፍ ቢል 6.1 ታገኛለች። በእኛ ቴርሞሜትር ከሃያ አንድ የሆነው ጭማሪ ለእርሷ ከአምስት አንድ ያህል ነው! ዲግሪ-ቀኖቹ ተደምረው ከተወሰነ መጠን ሲደርሱ አንድ ትውልድ ይጠናቀቃል። አጥኚዎቹ የጅማን የአየር ጠባይ መረጃ መርምረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 በፊት ቅዝቃዜው በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ እንደማያስጨርሳት፣ ከዚያ ወዲህ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ትውልድ ሊጠናቀቅ እንደሚችል አስልተዋል።

ሙቀቱ ዛፉን ራሱንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት፣ ለዱር ቡና የሚስማሙት ቦታዎች እስከ 2080 ድረስ ቢያንስ በ65 በመቶ እንደሚቀንሱ፣ በከፋው ግምት ደግሞ ከሞላ ጎደል እንደሚጠፉ ተንብዮአል።

ከፍታ 1000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚወርድ፣ አንዷን ዲግሪ ለማካካስ 150 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናትም፣ የቡና እርሻን ወደሚስማማው ቦታ ማዛወርና ደንን መጠበቅ ከተጣመሩ፣ ለቡና የሚመች መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊያድግ እንደሚችል አሳይቷል። ለቡና ገበያው ይህ መልካም ዜና ነው። የደኑ ቡና ግን ችግኝ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣለት የለውም፤ ከፍ ያለውም መሬት ቢሆን ባዶ አይደለም፣ ገብስና እንሰት ይዘውታል። በእኛ አስተያየት ትልቁ ኪሳራ ከምርቱ ይልቅ የዘር ሀብቱ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን በታየ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች የተመረጡት ከዚሁ ከአገሬው ቡና ነበር።

በጓሮ ቡና፣ ከለቀማ በኋላ በዛፉና በመሬት ላይ የቀረውን ፍሬ ቃርሞ ጥንዚዛዋን መጠለያ ማሳጣት ይቻላል። በሰፊ ደን ውስጥ ግን ሁሉን ለቅሞ መጨረስ የማይታሰብ ነው። እዚያ ሙቀቱን የሚያበርደው ጥላው ነው፤ ትልልቁ ዛፍ ሲቆረጥ የቡናው ቀን በጥቂት ዲግሪዎች ይሞቃል፤ እነዚያም ዲግሪዎች የሚቆጠሩት ከ14.9 በላይ ነው።