ከታክሲው ኋላ የተጫነው ኪቦርድ

«ገጠር የተመደበ መምህር ተረሳ፣ ሙያውም ዛገ» ሲባል በየጊዜው እንሰማለን። እኛ የአዲስ ዓለም ዕጩ መምህራን ግን አንድ ጥያቄ ማንሳት ይኖርብናል። ሙያን የሚያዝገው የቦታ ርቀት ነው ወይስ የልምምድ ማጣት? ለዚህ የአንድ ሙዚቀኛ የሕይወት ጉዞ ጥሩ ማስረጃ ስለሚሆነን እነሆ ባጭሩ እናቀርበዋለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1946 በደብረ ብርሃን ተወለዱ፤ በ10 ዓመታቸው ገደማ አዲስ አበባ ገቡ። አኮርዲዮን መጫወት የጀመሩት በ14 ዓመታቸው፣ በራሳቸው ጥረት ነው። ለአጭር ጊዜም በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ቆይተው ኖታ ማንበብና መጻፍ ተማሩ።

አኮርዲዮን እኮ የፈረንጅ መሣሪያ ነው፤ ታዲያ የኛን ዜማ እንዴት ይጫወታል? ቁልፎቹ 12 ዓይነት ድምፅ ይሰጣሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶቻችን ደግሞ እያንዳንዳቸው በ5 ድምፆች የቆሙ ናቸው። ስለዚህ ተጫዋቹ ከ12ቱ ውስጥ ለቅኝቱ የሚስማሙትን 5 መርጦ ይይዛል። ወናፉን ሲስብና ሲገፋም ድምፁ እንደ ማሲንቆ ይረዝማል፣ ይለሰልሳል።

በ1970ዎቹ አቶ ኃይሉ በዋልያስ ባንድ ውስጥ ኦርጋን ይጫወቱ ነበር። ባንዱ በሂልተን ሆቴል ይሠራ ነበር፤ በሰዓት እላፊው ዘመን እንግዳው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ጨዋታው እስኪነጋ ይዘልቃል። «ቼ በለው» የተሰኘው በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሸክላቸው የወጣው በ1977 ነው።

በ1981 ባንዱ ለሥራ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ አቶ ኃይሉም እዚያው ቀሩ። በ1985 የልጅነት መሣሪያቸውን አኮርዲዮንን እንደገና አነሡና «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሠሩ። በካሴቱ ላይ ሌላ ተጫዋች የለም። አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን ሁሉ የተጫወቱት እሳቸው ናቸው፤ ምቱን የሰጠው የከበሮ ማሽን ነው። አንዱ ድምፅ ተቀድቶ ሲያበቃ ሌላው በላዩ ይደረባል፤ በዚህ ዘዴ አንድ ሰው ባንድ ይሆናል ማለት ነው።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን መድረክ ተዉ። ኑሮ ነውና በዋሽንግተን አካባቢ፣ በደላስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መንዳት ጀመሩ። ሆኖም ልምምዱን አልተዉም። ኪቦርዳቸውን ከታክሲው ኋላ ጭነው ይዞራሉ፤ ተራ ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዳሉ። አድማጭም ጭብጨባም አልነበረም።

ያ የ1985 ካሴት ግን ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ቅጂ ተርፎ ኖሮ፣ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የሙዚቃ አሳታሚ እጅ ገባ። በ2013 በድጋሚ ታተመና አቶ ኃይሉ 67 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» የተሰኙ አዳዲስ አልበሞችን አወጡ።

«ካሴቱ ባይገኝስ ኖሮ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የተለማመደ ሁሉ ዝነኛ አይሆንም። ነገር ግን የተገኘው ካሴቱ ነው እንጂ ጣቶቹ አይደሉም። ጥሪው ሲመጣ ጣቶቹ ዝግጁ ባይሆኑ ኖሮ አሮጌው ካሴት ብቻ ይሸጥ ነበር፤ አዲስ አልበም ከየት ይመጣል?

የመምህርም ነገር ከዚህ አይለይም። ሱፐርቫይዘር በማይደርስበት ትምህርት ቤት ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ማውጣት፣ የጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈትን ማሳመር፣ ነገ የሚሰጠውን ትምህርት ዛሬ ማታ አንድ ጊዜ ለራስ መሞከር የኛ ኪቦርድ ነው። ደግሞም እኛ ከአቶ ኃይሉ በአንድ ነገር እንሻላለን። ታክሲው ውስጥ ማንም አልነበረም፤ የትም ብንመደብ ግን ክፍላችን ውስጥ የሚያዳምጡን ልጆች አሉ።