ኦቲዝም ያለበት ልጅ በልብ ወለድ ውስጥ ምን ይመኛል?

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ የሚናገር ሰው ጥቂት ነበር። ዝምታው ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተሰበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ አንድ ጥናት፣ የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች ከሚያሳድጉና አዲስ አበባ ላይ ከተጠየቁ 102 ሰዎች መካከል ከሩብ በላይ የሚሆኑት የልጃቸውን ሁኔታ ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ደፍረው የወጡት እናቶች ድምፅ ግን ይሰማል፤ የልጁ የራሱ ድምፅ ነው የጠፋው። ለታዳጊዎች የሚጻፍ ልብ ወለድ ይህን ጉድለት ሊሞላ ይችላል፤ የሚሞላው ግን ልጁ የሌሎች ማስተማሪያ መሆኑ ቀርቶ፣ የራሱ ምኞት ታሪኩን ሲመራው ብቻ ነው።

እንግሊዛዊው ማርክ ሃደን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የ15 ዓመቱ ክሪስቶፈር የጎረቤቱን ውሻ ማን እንደገደለ ሲያጣራ ራሱ ይተርካል። ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም የሒሳብ ሊቅነቱ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው «ሬይን ማን» ፊልም ውስጥ ካለው ኦቲዝም ያለበት ሊቅ ጋር ያመሳስለዋል፤ ክብር የሚገኘው በልዩ ተሰጥኦ ነው የሚል ስሜትም ሊያሳድር ይችላል። ራሷ ኦቲዝም ያለባት ስኮትላንዳዊቷ ኤል ማክኒኮል እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመችው ልብ ወለድ የፈጠረቻት፣ ኦቲዝም ያለባት የ11 ዓመቷ አዲ ግን ሊቅ መሆን አላስፈለጋትም። ጠንቋይ ናችሁ ተብለው ለተገደሉ የመንደሯ ሴቶች መታሰቢያ እንዲቆም ትሟገታለች፤ ለየት ማለት ምን እንደሚያስከፍል ስለምታውቅ ግፉ ከሌሎች ቀድሞ ይታያታል። ኦቲዝምን ከእርግማንና ከክፉ መንፈስ ጋር የሚያያይዝ ሰው በማይጠፋበት ሀገራችን፣ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

«ብዙዎቹ መናገር እንኳ አይችሉም፤ እንዲህ ያለው ታሪክ የቤተሰቡን መከራ ይሸፍናል» የሚል ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በአፉ የማይናገር ልጅም ይመርጣል፣ ይቃወማል፣ ይወዳል፤ ደራሲው ይህን በድርጊት ማሳየት ይችላል። መከራውም ከጩኸት፣ ከሰው አፍጥጦ ማየትና በሩን ከዘጋ ትምህርት ቤት ጭምር እንደሚመጣ ሲጻፍ፣ የእናቲቱ ድካም ይበልጥ ይገለጣል እንጂ አይሸፈንም። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 አቡዳቢ የልዩ ኦሎምፒክን የዓለም ውድድር ስታስተናግድ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ሜዳ የገቡት ሊያሸንፉ ነው። በአማርኛ ለሚያነብ ታዳጊም እንዲህ የራሱን ምኞት የሚከተል ገጸ ባሕርይ ይገባዋል። ስለዚህ ደራሲዎቻችን ረቂቃቸውን ከማተማቸው በፊት፣ ኦቲዝም ላለባቸው ወጣቶችና ለቤተሰቦቻቸው ያስነብቡ፤ የሚሰጧቸውንም እርማት ይቀበሉ።