የተጠረጠረ ጨርቅ ምን ይመሰክራል?

ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ውስጥ የትዳር አጋሩን የጠረጠረ ሰው የውስጥ ልብስ በፌስታል ቋጥሮ ሆሳዕና ወደሚገኘው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ቢሄድ የሚያስተናግደው መስኮት አያገኝም። የሆስፒታል ላብራቶሪ የታማሚን ደምና ሽንት ለሕክምና ነው የሚመረምረው። ጨርቅ ላይ የቀረ ፈሳሽ የማን እንደሆነ መለየት የፎረንሲክ ሥራ ነው፤ እሱም ከሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ፣ ፌዴራል ፖሊስ ዘንድ ይገኛል። በመርማሪ ወይም በፍርድ ቤት ጥያቄ እንጂ በቅናት አይንቀሳቀስም።

ፌስታሉ ራሱ ማስረጃውን ያበላሸዋል። እርጥብ ጨርቅ በፕላስቲክ ሲታፈን ያልበዋል፤ ባክቴሪያ ይራባበትና ዲኤንኤውን ይበላዋል። ባለሙያ ግን ጨርቁን ጥላ ውስጥ አድርቆ በወረቀት ፖስታ ያሽገዋል። ማን አነሳው፣ ማን ተረከበው፣ በስንት ሰዓት የሚለውም ይመዘገባል። ይህ መዝገብ ከተቋረጠ ጠበቃ ውጤቱን በቀላሉ ይጥለዋል።

ላብራቶሪ ሲደርስ ጨርቁ መጀመሪያ ጨለማ ውስጥ በሰማያዊ ብርሃን ይታያል። የዘር ፈሳሽ ያበራል፤ ችግሩ ምራቅም፣ ሽንትም፣ አንዳንድ የልብስ ሳሙናም ያበራሉ። ቀጥሎ እርጥብ የማጣሪያ ወረቀት ጨርቁ ላይ ተጭኖ ይነሳና ኬሚካል ይንጠባጠብበታል። አሲድ ፎስፋቴዝ የተባለው ኢንዛይም በብዛት ካለ ወረቀቱ በደቂቃ ውስጥ ሐምራዊ ይሆናል። ይህም ጥቆማ ብቻ ነው፤ ኢንዛይሙ በሴት ብልት ፈሳሽና በአንዳንድ ዕፅዋት ጭማቂም ይገኛል። ሦስተኛው ፒኤስኤ የተባለውን ፕሮቲን የሚፈልግ፣ የእርግዝና መመርመሪያ የመሰለ ስትሪፕ ነው። ፒኤስኤ ሐኪሞች የፕሮስቴት ካንሰርን የሚከታተሉበት ያው ፕሮቲን ነው። ከዚያ በማይክሮስኮፕ የዘር ህዋስ ይፈለጋል። «የማን ነው?» የሚለውን የሚመልሰው ግን ዲኤንኤ ብቻ ነው፤ መንገዱን የከፈተው ሳይንቲስቱ አሌክ ጄፍሪስ በ1984 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ፣ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ዲኤንኤ መቼና እንዴት የሚለውን አይናገርም። የደረቀ እድፍ ለወራት፣ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። አብሮ በታጠበ ልብስ ላይ የዘር ህዋስ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሸጋገር እንደሚችል በሙከራ ታይቷል። በእኛ ቤት ደግሞ የመላው ቤተሰብ ልብስ በአንድ ሳፋ ነው የሚዘፈዘፈው! በትዳር አልጋ አንሶላ ላይ የባልየው የራሱ ፈሳሽ መገኘቱስ ምን ይገርማል?

በሕጉ በኩልም ቢሆን ጨርቁ ብዙ አይጠቅምም። እርግጥ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 652 አመንዝራነትን በተበዳዩ የትዳር ጓደኛ አቤቱታ ይቀጣል። ለመፋታት ግን በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ መሠረት ዝሙትን ማስረዳት ግዴታ አይደለም፤ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ሆሳዕናና ዱራሜ በሚገኙባቸው በሀዲያና በከምባታ ደግሞ ብዙው የትዳር ጠብ «ሴራ» በሚባለው የባህል ሕግ ሽማግሌ ፊት ነው የሚታየው። እዚያ የሚመዘነው የሰው ቃል ነው።

በቤተሰብ ጉዳይ ዲኤንኤ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠው ስለ ልጅ አባትነት ሲጠየቅ ነው። የቤተሰብ ሕጉ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰን ወይም የተወለደን ልጅ አባት ባልየው ነው ብሎ ይገምታል። ይህን የሚክድ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ በጊዜ ገደቡ ውስጥ መክሰስ አለበት። ምርመራው ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ የተጠረገ ናሙና ይበቃዋል፤ የማንንም የውስጥ ልብስ መበርበር አያስፈልግም።

እነዚህ የፈሳሽ ምርመራዎች በእውነት የሚያስፈልጉት ለተደፈረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሳይታጠብ፣ የለበሰውን ልብስ በወረቀት ይዞ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ይድረስ፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱም የሚጀመረው በዚያው ጊዜ ውስጥ ነው።