ስምን ሰውሮ ስለ መነጋገር

በቂርቆስ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ጠርተውኝ፣ «የኔታ፣ ልጄ በስልኩ ላይ ማንነቱን የሚሰውር ነገር ጭኗል፤ የሚሠሩትም የበጎ አድራጎት ማኅበራት ናቸው ይለኛል። ክፉ የማይሠራ ሰው ለምን ይሸሸጋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አለመሆኑን ስለ ተረዳሁ በዚህ ዓምድ ልመልሰው ወደድሁ።

ልጁ የጫነው «ቶር» የሚባለውን ነው። አሳቡ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ቤት የተጠነሰሰ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ይዞታል። አሠራሩ ሽንኩርትን ይመስላል፤ መልእክቱ በሦስት ልጣጭ ተጠቅልሎ፣ በጎ ፈቃደኞች በየአገሩ ባቆሟቸው ሦስት ኮምፒዩተሮች በኩል ያልፋል። የመጀመሪያው ላኪውን እንጂ መድረሻውን አያውቅም፤ የመጨረሻውም መድረሻውን እንጂ ላኪውን አያውቅም። ብዙ ሰው በነፃ በሚጭነው «ቪፒኤን» ግን የአገልግሎቱ ባለቤት ሁለቱንም ሊያይ ይችላል።

በአገራችን ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ቶር በኢትዮጵያ መታገዱን ማኅበሩ አስታወቀ። በሚያዝያ 2006 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ፣ በሽብር ክሳቸው ውስጥ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ መልእክትን የመሰወር ሥልጠና ነበር፤ በክሱ የተነሣውንም «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለውን መምሪያ ያዘጋጁት ሁለት የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ሲፈቱ፣ የቀሩት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ፤ ይኸውም ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ እስር በኋላ ነው። በዚያ ዘመን በአዋጅ ቁጥር 621/2001 መሠረት ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበርና፣ የአገር ውስጥ ማኅበራት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ እጃቸው ታስሮ ነበር። አዋጁ በ2011 ተለወጠ።

የተቃዋሚዎቹ ነገር ደግሞ ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የተዘጋው «ሲልክ ሮድ» የተባለ የአደንዛዥ ዕፅ ገበያ በቶር ተሸሽጎ ይሠራ ነበር። የማኅበሩም ገንዘብ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው ከአሜሪካ መንግሥት ይመጣ ነበር፤ እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የአንድ መንግሥት ደመወዝተኛ የሌላውን ዜጋ ምሥጢር ልጠብቅ ሲል ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። በጎ አድራጊዎች ይህን ሥራ ሊረዱ ይገባል የምለውም ስለዚሁ ነው፤ ሰጪው ሲበዛ የአንዱ እጅ ይቀልላል። ሒሳባቸውን ግን በአደባባይ ያሳዩ።

«ለምን ይሸሸጋል?» ለተባለው፣ እኛስ ኃጢአታችንን ለንስሐ አባታችን ለብቻው አይደለም የምንነግረው? ምጽዋትንስ በስውር እንድንሰጥ ታዘን የለምን? ከባሏ ዱላ መሸሻ የምትፈልግ ሴት፣ ሕመሙን አሠሪው እንዳያውቅበት የሚሻ ሠራተኛ ክፉ ሠርተው አይደለም የሚሰወሩት።

ሆኖም ቶር የተቆረጠ ሽቦ አይቀጥልም። በኅዳር 2015 የዓለም የኢንተርኔት ጉባኤ እዚሁ ካዛንቺስ በኢኮኖሚ ኮሚሽኑ አዳራሽ ሲደረግ፣ በትግራይ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር።

ለእናቲቱም፣ «ልጅዎ በቶር ገብቶ በገዛ ስሙ ፌስቡክ ከከፈተ ፌስቡክ ማንነቱን ያውቃል፤ ይህን ያውቅ እንደ ሆነ ይጠይቁት» አልኋቸው። በሚመጣው ሰንበት ይዘውት ሊመጡ ተስማምተናል።