አጥንት የሚያጠቁር መድኃኒት

አንድ ሐኪም የተሰበረ አጥንት ሊጠግን ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ፣ ነጣ ያለ አጥንት ሲጠብቅ ጥቁር ወይም ሰማያዊ የመሰለ አጥንት ቢያጋጥመው ምን ያስባል? አጥንቱ ሞቶ ይሆን? መርቅዞ ይሆን? ወይስ ነቀርሳ ነው? ናሙና ተቆርጦ እስኪመረመር ድረስ ቤተሰብ በጭንቀት ይከርማል። መልሱ ግን አንዳንድ ጊዜ በሽተኛው ለዓመታት በዋጠው መድኃኒት ውስጥ ይገኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቴትራሳይክሊን ወገን የሆኑ የጸረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ካልሲየም ካገኙ ይጣበቁበታል። አጥንትና ጥርስ ደግሞ በካልሲየም የተገነቡ ናቸው። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ሚኖሳይክሊን ሲሆን፣ ለብጉር ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ለወራትና ለዓመታት ሲወሰድ አጥንትን፣ ድድን፣ ጥፍርንና ቆዳን ሊያጠቁር ይችላል። እንዲህ የጠቆረ አጥንት ግን የታመመ አጥንት ማለት አይደለም።

አጥንት የተቀበለውን መድኃኒት ምን ያህል ይዞ እንደሚቆይ ጎረቤታችን ሱዳን ትመሰክራለች። በ1980 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በጥንታዊት ኑቢያ ከ1,600 ዓመት በፊት ገደማ የኖሩ ሰዎችን አጥንት በልዩ ብርሃን ሲመለከቱ የቴትራሳይክሊንን ቢጫ አረንጓዴ ፍካት አዩ። ያን ጊዜ ኪኒን አልነበረም። መድኃኒቱ በአፈር ውስጥ በሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ አማካይነት ከእህል ጋር እንደገባ ይገመታል።

ከአዋቂው ይልቅ የሚጎዳው ሕፃኑ ነው። እርጉዝ እናት ከአራተኛው ወር በኋላ፣ ወይም ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቴትራሳይክሊን ቢውጡ የልጁ ጥርስ ሊበልዝ ይችላል። የቋሚ ጥርስ ብልዘት ደግሞ በመፋቂያም ሆነ በሳሙና አይለቅም። ይህ ሲባል ግን ለትራኮማ የሚታዘዘው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይጣል ማለታችን አይደለም። ከቅባቱ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ሐኪም ለአጭር ጊዜ ያዘዘው ዶክሲሳይክሊንም ሊያስፈራን አይገባም።

እኛን ያሳሰበን ሌላ ነገር ነው። በከተማችን ያለ ማዘዣ ኪኒን ገዝቶ መዋጥ፣ የተረፈውንም ለጎረቤት ማካፈል የተለመደ ነው። የዋጥነውን የሚያስታውስልን ብዙውን ጊዜ የሰፈሩ ፋርማሲስት ወይም በጤና ጣቢያው ያለው ካርዳችን ነበር። በ2017 ዓ.ም. በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካዛንቺስ ለልማት ሲፈርስ ግን ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወረ። ሰው ሰፈር ሲቀይር ሐኪሙም ይቀየራል፤ ካርዱም ወደ ኋላ ይቀራል። አዲሱ ሐኪም የቀድሞውን ታሪክ በምን ይወቀው?

እንግዲህ ወላጆችና ወጣቶች ሆይ! ለረጅም ጊዜ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ስም፣ የጀመራችሁበትንና ያቆማችሁበትን ዓመት በደብተር ጻፉ። ለቀዶ ሐኪምም ሆነ ለጥርስ ሐኪም ሳትጠየቁ ተናገሩ። እርጉዝ የሆናችሁ እህቶች መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት እርግዝናችሁን አስታውቁ። ሐኪም ያዘዘላችሁንም ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ጠይቁ። አንድ ገጽ ማስታወሻ ቤተሰብን ከብዙ ቀን ጭንቀት፣ በሽተኛውንም ከማያስፈልግ መቆረጥ ሊያድን ይችላል። አላህ ጤናችሁን ይጠብቅላችሁ።