ገመድና ማዕዘን፤ በስሜን ደጋ አልጋን ስለ ማንጠልጠል

ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ፥ በብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ስካውቱንና ባለ በቅሎውን ይዞ ወደ ሳንቃበር ሊወጣ ሲሰናዳ፥ ጫኙ መጫኛውን በበቅሎዪቱ ጀርባ ላይ ሲያጠብቅ ቆሞ ቢመለከት፥ ስለ ገመድ ሊያውቅ ከሚገባው እኩሌታውን በዚያው ያገኘዋል፤ መጫኛው ቢላላ ጭነቱ ይዞራል፥ ከመጠን በላይ ቢጠብቅ ከብቱ ይገጠባልና።

ይህንን ማንሣቴ በደጋው ላይ ሃሞክ፥ ማለት ተንጠልጣይ አልጋ፥ ሰቅሎ ለማደር ስለሚሻ ሰው ነው። የሃሞክ ጥንተ ነገሩ ከካሪብያን ደሴቶች ነባር ሕዝቦች ሲሆን፥ አውሮፓውያን ያወቁት ከኮሎምቦስ የ1492 ጉዞ ወዲህ ነው። የድልድይ ዓይነት የሚባለው በራስጌውና በግርጌው አግድም በትር ገብቶበት፥ ጨርቁ በግራና በቀኝ ጠርዙ እንደ ተንጠልጣይ ድልድይ ስለሚዘረጋ፥ ሰውነትን ሳያጎብጥ ያስተኛል፤ ጠፍሩ በሚገባ የተወጠረ የአባቶቻችንን አልጋ ያስታውሰኛል።

ብዙዎች የሚስቱት፥ አልጋው እንዳይረግብ ሲሉ ገመዱን እንደ ክራር ጅማት መወጠራቸው ነው። ገመዱ ከአግድሙ መስመር 30 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል፥ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲተኛበት በእያንዳንዱ ጫፍ ያለው ስበት 80 ኪሎ ያህል ነው፤ 15 ዲግሪ ሲሆን ወደ 155፥ 10 ዲግሪ ሲሆን ወደ 230 ኪሎ ይደርሳል። ይህም የሚሆነው ገመዱ አግድም በተኛ ቁጥር ሰውየውን ወደ ላይ የሚያነሣው የኃይሉ ክፍል እየተመናመነ፥ ዛፎቹን እርስ በርሳቸው የሚያሳስበው እየበረታ ስለሚሄድ ነው። ከበትሩ ሁለት ጫፎች ተነሥተው በአንድ ነጥብ የሚገናኙት ገመዶችም ቁመታቸው ካልተስተካከለ አልጋው ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ እጅግ ካጠሩ ደግሞ በትሩን ከሁለት ወገን ጨምቀው ሊሰብሩት ይችላሉ።

በደብረ ዳሞ የአቡነ አረጋዊ ገዳም ገደሉ የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው፤ የቆዳ ብርታቱ በዚህ ይታወቃል፤ ነገር ግን ጠፍር ሲርስ ይለጠጣልና ጤዛ ለሚያድርበት አልጋ አልመርጠውም። ናይለንም ጠንካራ ሲሆን ይኸው ጠባይ አለበት፥ ማታ በጉልበት ቁመት የታሰረው አልጋ ሌሊት ወደ መሬት ይወርዳል። የእኔ ምርጫ ብዙ የማይለጠጠው ፖሊስተር ነው፤ በዛፉ ላይ የሚጠመጠመው ግን ቀጭን ገመድ ሳይሆን ሦስት ጣት የሚሰፋ ጥብጣብ ይሁን፥ ቀጭኑ ልጡን ቆርጦ ዛፉን ያቆስላልና።

በ3,250 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ሳንቃበር አካባቢ አስታ አለ፤ ግንዱ ወፍራምና ሕያው የሆነውን መምረጥ ነው። 3,600 ሜትር ወዳለው ግጭ ሲወጣ ግን ዛፉ እየሳሳ ሄዶ ጓሳና ጅብራ ብቻ ይቀራል። ጅብራ ከሩቅ ምሰሶ መስሎ ቢታይም ግንዱ ሸክም የሚችል እንጨት አይደለም፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይበቅል፥ በዕድሜውም አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ፍጥረት ስለ ሆነ፥ ገመድ አይታሰርበት፤ እዚያ የደረሰ ሰው ሃሞኩን ጠቅልሎ ድንኳኑን ይትከል።