ጋንጃ «ቅጠል ብቻ» ነውን?

«አላህ ያበቀለው ቅጠል ነው፤ ቁርኣን ውስጥም ስሙ የለም» የሚሉ ወጣቶች በጎንደር፣ ከቁስቋም እስከ አዲስ ዓለም፣ ያጋጥሙናል። መርዛማ ተክልንም ያበቀለው አላህ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስካሪ ነገርን ሁሉ ሐራም ስላደረጉ የስሙ አለመጠቀስ አያከራክርም፤ ኢብኑ ተይሚያም ሐሺሽን ከአስካሪዎች መድበውታል።

ጋንጃ ውስጥ ያለው ቲኤችሲ የተባለ ንጥረ ነገር ትውስታንና ትኩረትን ያዳክማል። አእምሮ እስከ 25 ዓመት አካባቢ እየዳበረ ስለሚቆይ፣ በአፍላ ዕድሜው ጀምሮ አዘውትሮ የሚያጨስ ሰው ለከባድ የአእምሮ ሕመም የመጋለጥ ዕድሉ ይጨምራል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጁ የሌለ ድምፅ ሲሰማ፣ ሰውን ሁሉ ሲጠራጠር «ጂን ነው፣ ድግምት ነው» እየተባለ ወራት ያልፋሉ። ሩቅያው ይደረግለት፤ ግን ሳይውል ሳያድር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሂድ። ማጨሱም ከሐኪሙ አይደበቅ።